ሻምፒዮን በፊደል ተራ አይመረጥም

«የለያቸው ኮምፒውተሩ ነው፤ እኛ እጃችን የለበትም።» በቱሉ ዲምቱ በኩል ከአዲስ አበባ ዳር ባለ አዳራሽ የተካሄደው አገር አቀፍ የቼስ ሻምፒዮና በተጠናቀቀ ማግስት፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ በሬዲዮ ቀርበው የሰጡት መልስ ይህ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ዘጠኙን ዙር በእኩል ነጥብ ጨርሰዋል። እርስ በርስ ሲገናኙም አቻ ወጥተዋል። ዋንጫው በቡኾልዝ (የተጋጣሚዎችን ነጥብ በሚደምር መለያ) ግማሽ ነጥብ ለበለጠው ተሰጠ፣ ሌላው የብር ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጥልቀውለት ተሸኘ። ጋዜጠኛው «የመለያ ጨዋታ ለምን አልተደረገም?» ብሎ ሲጠይቃቸው ደግሞ «አንደኛ ጊዜ የለም፤ ሁለተኛ የፊዴ ደንብ ነው» አሉ፤ ፊዴ ማለት የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን ነው።

ኮምፒውተሩ፣ ጊዜው፣ ደንቡ። ሦስቱም ውኃ የማያነሱ ምክንያቶች ናቸው።

ከሁሉ ቀላሉ የጊዜው ነው። 90 ደቂቃ፣ በየሙቩ (በየእንቅስቃሴው) ከሚገባ 30 ሰከንድ ጭማሪ ጋር፣ የተሰጠው ጨዋታ 60 ሙቭ ቢሄድ ለአንድ ተጫዋች 120 ደቂቃ፣ ለሁለቱ 4 ሰዓት ይፈጃል። የመጨረሻው ዙር ጠዋት 3 ሰዓት ከተጀመረ አብዛኛው ጨዋታ 7 ሰዓት ሳይሆን ያልቃል። ከዚያ በኋላ 10 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ሁለት ፈጣን ጨዋታ ይደረግ። እነዚህም 60 ሙቭ ቢሄዱ ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ ነው፤ አንዱ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት፣ ሁለቱ አንድ ሰዓት። አሁንም ካልተለያዩ 3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ሁለት ብሊትዝ (እጅግ ፈጣን ጨዋታ)፣ እሱም 20 ደቂቃ ነው። ያም ካልለያቸው አርማጌዶን አለ፦ ለነጭ 5 ደቂቃ፣ ለጥቁር 4 ደቂቃ፣ አቻ ከሆነ አሸናፊው ጥቁር። ከነእረፍቱ ቢደመር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ የጀመረ 10 ሰዓት ሳይሆን ሻምፒዮኑን ያውቃል።

ለመሆኑ የመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ስንት ሰዓት ፈጀ? የክብር እንግዳው እስኪመጡ ለመጠበቅ ጊዜ ነበር። ለንግግሮቹ፣ ለምስጋና ምስክር ወረቀቱ፣ ከስፖንሰሩ ባነር ፊት ለሚነሳው ፎቶ ጊዜ ነበር። በቼስ ሻምፒዮና ላይ ጊዜ የታጣው ለቼስ ብቻ ነው! ይህን መልስ የሰጡት ሰው በሠላሳ ሁለት ቁራጮች ፊት አራት ሰዓት ተቀምጦ ማሰብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቁ ቢሆን ኖሮ አፋቸውን ሞልተው «ጊዜ የለም» አይሉም ነበር።

«አዳራሹ ሩቅ ነው፣ ከመሸ ታክሲ የለም» የሚልም ተጨምሯል። ሻምፒዮናውን ከከተማው ዳር የወሰዱት ተጫዋቾቹ አይደሉም። ከሱሉልታ ወይም ከቡራዩ ተነስቶ ቱሉ ዲምቱ የሚደርስ ሰው አዲስ አበባን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ፣ ታክሲ ቀያይሮ፣ ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ነው የሚመጣው። በየቀኑ ሁለት ዙር እየተጫወተ እንዲህ ሲመላለስ ማንም ስለ ታክሲው አላሰበለትም። በመለያ ጨዋታ የሚያመሹት ሁለት ተጫዋቾችና ሁለት ዳኞች ናቸው፤ አንድ መኪና ይበቃቸዋል።

የደንቡ ነገር ደግሞ ይብሳል፤ ምክንያቱም እንደዚያ የሚል ደንብ የለም። ፊዴ የነጥብ መለያዎችን ዘርዝሮ ያስቀምጣል፣ የመለያ ጨዋታም ከዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ የትኛው ይሁን የሚለውን ግን የሚመርጠው አዘጋጁ ነው። አዘጋጁ ያለበት ግዴታ ምርጫውን ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ማሳወቅ ነው። ቡኾልዝ መሆኑ ቀድሞ ተነግሯል፣ እሺ። መጥፎ ደንብ ቀድሞ ስለተነገረ ጥሩ አይሆንም።

የፊዴ ስም ከተነሳ አይቀር፣ ፊዴ የራሱን ትልልቅ ውድድሮች እንዴት እንደሚለያቸው እንይ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒው ዮርክ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት የተጋጠሙት ካርልሰንና ካርያኪን 6 ለ6 ሲወጡ ማንም ድምር አልደመረላቸውም፤ በፈጣን ጨዋታ ተለዩ። በ2018 ለንደን ላይ ካርልሰንና ካሩዋና አሥራ ሁለቱንም ጨዋታ አቻ ወጥተው በፈጣን ጨዋታ ካርልሰን 3 ለ0 አሸነፈ። በ2023 አስታና ላይ ዲንግ ሊረንና ኔፖምኒያሺ 7 ለ7 ሆነው፣ የዓለም ሻምፒዮንነት በአራተኛው ፈጣን ጨዋታ ተወሰነ። በስሌት የተለየበት ጊዜም ነበር፦ በ2013 የለንደን ካንዲዴትስ (የዓለም ሻምፒዮኑን የሚገጥመው የሚለይበት ውድድር) ካርልሰንና ክራምኒክ እኩል 8.5 ነጥብ አምጥተው፣ ካርልሰን ብዙ ጨዋታ አሸንፏል ተብሎ አለፈ። ዛሬ በካንዲዴትስ ለአንደኛነት እኩል የወጡ ሰሌዳ ላይ ነው የሚለያዩት። ፊዴ ራሱ ለካንዲዴትስ አንደኛነት የተወውን መንገድ «የፊዴ ደንብ» ብሎ ማቅረብ ተመልካቹን መናቅ ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። ብዙ ሰው የሚሸነገለው በዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

ቡኾልዝ ማለት የገጠምካቸው ተጫዋቾች ሁሉ በመጨረሻ የያዙት ነጥብ ድምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ጀርመናዊው ብሩኖ ቡኾልዝ ያመጣው ዘዴ ነው። ሐሳቡ ጠንካራ ተጋጣሚ የገጠመ ሰው እኩል ነጥብ ካመጣ የበለጠ ሠርቷል የሚል ነው። ሲሰሙት ያሳምናል። ችግሩ በስዊስ ሥርዓት (በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው በሚጋጠሙበት) ተጋጣሚህን አንተ አትመርጥም፤ ድልድሉ ነው የሚሰጥህ። ስለዚህ ቡኾልዝ የሚለካው የተጫዋቹን ጥንካሬ ሳይሆን የድልድሉን ዕጣ ነው። ድልድሉስ ከምን ይነሳል? ከመነሻ ቁጥር። የመነሻ ቁጥር እንዴት ይሰጣል? በመጀመሪያ በሬቲንግ (የተጫዋቹን ጥንካሬ በሚያሳይ ቁጥር)፣ ቀጥሎ በማዕረግ፣ በነዚህ እኩል የሆኑት ደግሞ አዘጋጁ ሌላ መለያ ቀድሞ ካላሳወቀ በስማቸው የፊደል ተራ። በላቲን ፊደል።

አውሮፓ ውስጥ ይህ ችግር አይደለም፤ ብዙው ተጫዋች ሬቲንግ አለው። እኛ ጋ በየሰፈሩ፣ በየኮንዶሚኒየሙ ብሎክ ሥር ተጫውቶ ያደገ፣ ኮዬ ፈጨና ገላን ውስጥ ከማንም ጋር ተቀምጦ የማይሸነፍ ልጅ የፊዴ ሬቲንግ የለውም። ሬቲንግ ለማግኘት ሬቲንግ ካላቸው ሰዎች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ መጫወት አለበት፣ ውድድሩ ለፊዴ መመዝገብ አለበት፣ ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ዝቅተኛው የሬቲንግ ወለል 1400 ነው። እነዚህ ልጆች በመነሻ ዝርዝሩ ላይ በዜሮ ይሰለፋሉ፣ የሚለያቸውም ስማቸው ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። 60 ተጫዋቾች አሉ እንበል፤ 20ዎቹ ሬቲንግ አላቸው፣ 40ዎቹ የላቸውም። ከ1 እስከ 20 ሬቲንግ ያላቸው ይሰለፋሉ፣ ከ21 እስከ 60 ያሉት በፊደል ተራ። በመጀመሪያው ዙር የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ግማሽ ጋር ይጋጠማል፦ 1 ከ31፣ 2 ከ32፣ እያለ 20 ከ50፣ ከዚያ 21 ከ51፣ በመጨረሻ 30 ከ60። አሁን ሬቲንግ የሌላቸው ሁለት ጎበዝ ልጆችን እንውሰድ። ሚኪያስ በኤም ስለሚጀምር መሃል ላይ፣ ቁጥር 41 ደረሰው። ዮናስ በዋይ ስለሚጀምር መጨረሻ አካባቢ፣ ቁጥር 58። (ዝርዝሩ የአባት ስም አስቀድሞ ከተሞላ ደግሞ ዕድሉን የሚወስነው የአባት ስም ነው፤ በእኛ አገር ምዝገባ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ እየተሞላ መምጣቱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።) ሚኪያስ ቁጥር 11ን፣ ማለትም ሬቲንግ ያለውን ገጠመ። ዮናስ ቁጥር 28ን፣ ማለትም እንደ ራሱ ሬቲንግ የሌለውን ገጠመ። ሁለቱም አሸነፉ። ቁጥር 11 ውድድሩን በ5.5 ጨረሰ፣ ቁጥር 28 በ3። በአንድ ዙር ብቻ፣ ሁለቱም ማድረግ የሚችሉትን ሁሉ አድርገው፣ ዮናስ በቡኾልዝ 2.5 ነጥብ ወደ ኋላ ቀረ። ሻምፒዮናው የተወሰነው ደግሞ በግማሽ ነጥብ ነው።

ይህንን የሚያውቁ ሰዎች «ለዚህ እኮ ነው ዝቅተኛ ነጥብ ያለውን አንድ ተጋጣሚ ከድምሩ የምንቀንሰው» ይላሉ። ይቀነስ። ሁለተኛው ዙርስ? ያሸነፉት ለብቻቸው ይሰበሰባሉ፣ በዚያው በመነሻ ቁጥራቸው ይደረደራሉ፣ እንደገና የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ግማሽ ጋር ይጋጠማል። የፊደሉ ተራ እንደገና ይሠራል። የምትቀንሰው አንድ ሰው ነው፣ የተዛባው ግን ከአንድ ዙር በላይ ነው። ከአራተኛና አምስተኛ ዙር በኋላ ነጥቡ ራሱ ተጫዋቾችን እያጠራ ይሄዳል፣ እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ልዩነት ግን ከድምሩ አይወጣም፤ እስከ ዋንጫው ድረስ ተሸክመኸው ትሄዳለህ።

ገና አላለቀም። ቡኾልዝ የሚሰላው በመጨረሻ በተያዘው ነጥብ ስለሆነ፣ የአንተ ዋንጫ በዘጠነኛው ዙር የሚወሰነው ከፊትህ ባለው ሰሌዳ ብቻ አይደለም። አንተ አንደኛ ሰሌዳ ላይ ስትታገል፣ በሁለተኛው ዙር ያሸነፍከው ሰው ከአዳራሹ ጥግ ሃያኛ ሰሌዳ ላይ ተቀምጧል። ለሽልማት የማይደርስ ነው። ደክሞታል። ከክልል የመጣ ነው፣ አበሉ አልቋል፣ የነገ ጠዋት የአውቶቡስ ትኬት ኪሱ ውስጥ ነው፣ ሻንጣውን ወንበሩ ሥር አስቀምጧል። በ12 ሙቭ እጅ ለእጅ ተጨባብጦ አቻ ይወጣል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። ያ ግማሽ ነጥብ የአንተ ሻምፒዮንነት ነው! ተጫዋች አቋርጦ ሲሄድ ያልተጫወታቸው ዙሮች ለቀድሞ ተጋጣሚዎቹ እንዴት ይታሰቡ የሚለውን ፊዴ ራሱ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀይሮታል፤ አንዱን ቀመር ብትጠቀም አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላውን ብትጠቀም ሌላው። በድልድል ፕሮግራሙ ውስጥ የተመረጠው የትኛው ቀመር እንደነበር አዘጋጁ ሬዲዮ ላይ ሊነግሩን ይችሉ ነበር። አልነገሩንም። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው የሚደምረው፤ እጁ ያለበት ትእዛዙን የሰጠው ሰው ነው።

ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ለየ» ማለት ምን ማለት ነው? የፊደል ተራ፣ የአንድ እንግዳ የአውቶቡስ ትኬትና በፕሮግራሙ ውስጥ የተነካች አንዲት ምርጫ ተደምረው ለዩ ማለት ነው። ይህ ፍትሕ አይደለም።

ቡኾልዝ ከሦስተኛ ደረጃ በታች ይሥራ፣ አልቃወምም። ስድስተኛና ሰባተኛን ለመለየት ሰው ማስመሸት አያስፈልግም። አንደኛነት ግን ሌላ ነው። የአገር ሻምፒዮን ለዞን ውድድርና ለቼስ ኦሊምፒያድ (ለአገሮች የቡድን ውድድር) ምርጫ ስሙ ቀድሞ የሚነሳ ሰው ነው፤ ኦሊምፒያድ ላይ አንድ አገር የሚልከው አራት ተሰላፊና አንድ ተጠባባቂ ብቻ ነው፣ አንደኛ ሰሌዳ ላይ የሚቀመጠውም በየዙሩ የሌላውን አገር ምርጥ ይገጥማል። ያንን ወንበር በድምር አንሰጥም።

«ፈጣን ጨዋታ ሎተሪ ነው፤ የዘጠኝ ዙር ልፋት በአሥር ደቂቃ አይለካም» የሚሉ አሉ፤ ከነሱም ውስጥ የማከብራቸው ተጫዋቾች አሉ። ግን ከምን ጋር እያወዳደሩ ነው? በፈጣን ጨዋታ የሚሸነፍ ሰው የተሸነፈው በራሱ እጅ ነው፤ ፈረሱን የት እንዳስቀመጠ፣ ሰዓቱን የት እንዳባከነ ያውቃል። በቡኾልዝ የተሸነፈው ምን አጠፋ? ፍጥነትም ቢሆን ለዚህች አገር ባዕድ አይደለም። አያቶቻችን ሲጫወቱት የኖሩት ሰንጠረጅ የሚጀምረው በወረራ ነበር፤ የመጀመሪያው ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ በፈለገው ፍጥነት ያንቀሳቅስ ነበር። አስቦ መፍጠን የጨዋታው አካል እንጂ ጉድለቱ ተብሎ አያውቅም።

እግር ኳሱንም እናስታውስ። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያና ግብፅ 90 ደቂቃውን 2 ለ2 ጨረሱ። «በግማሽ ፍጻሜው ማን ጠንካራ ቡድን ገጥሞ ነበር?» ብሎ የደመረ አልነበረም። ጭማሪ ሰዓት ተጫወቱ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፣ 4 ለ2 አለቀ። ዋንጫው ሜዳ ላይ ስለተገኘ እስከ ዛሬ የማንም ጥያቄ አልተነሳበትም።

ከባድ ነው የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ እነሆ። በደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ለአንደኛነት እኩል ነጥብ ያመጡ ሁለት ተጫዋቾች በዚያው ቀን በመለያ ጨዋታ ይለያሉ። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ በ3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ይጋጠማል፤ ለሦስት ሰው 3 ጨዋታ፣ ለአራት ሰው 6 ጨዋታ ነው፣ አራቱ በሁለት ሰሌዳ በሦስት ዙር ይጨርሱታል። የመጨረሻው ዙር ሁልጊዜ ጠዋት ይሁን። ቀለሙ በዕጣ ይውጣ፣ በሁለተኛው ጨዋታ ይቀያየር።

የሚበላሸውም የታወቀ ነው። አንደኛ ሰዓቱ፦ ለረጅም ጨዋታ የተሞላው ዲጂታል ሰዓት ሳይስተካከል ይቀርና ጭማሪው ከመጀመሪያው ሙቭ ጀምሮ አይገባም፣ ጨዋታው መሃል ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። ዳኛው ተጫዋቾቹ ከመቀመጣቸው በፊት ሰዓቱን ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርጎ ሰከንዱ መጨመሩን በዓይኑ ይይ፤ መለዋወጫ ሰዓትና ባትሪ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። ሁለተኛ መብራት፦ ከከተማ ዳር ያሉ አዳራሾች መብራት ሲጠፋባቸው ጄኔሬተር የሚነሳበት ጊዜ አይታወቅም። ዲጂታል ሰዓት በባትሪ ስለሚሠራ መቁጠሩን አያቆምም፣ ተጫዋቹ ግን ጨለማ ውስጥ ነው። ጠረጴዛው መስኮት አጠገብ ይሁን፣ ጨዋታውም በቀን ብርሃን ይለቅ። ሦስተኛ ተመልካቹ፦ የመለያ ጨዋታ ሲባል አዳራሹ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል፣ አንዱ ስልኩ ላይ ስቶክፊሽ የተባለውን የቼስ ፕሮግራም ከፍቶ ለጓደኛው ያንሾካሹካል። ገመድ ይዘርጋ፣ ከሰሌዳው ሦስት ሜትር ይራቅ፣ ስልክ በር ላይ ይሰብሰብ። ብሊትዝ ላይ ደግሞ አንዱ ዳኛ ሰሌዳውን፣ ሌላው ሰዓቱን ይጠብቅ፤ ባንዲራ መውደቁን (የተጫዋቹ ጊዜ ማለቁን) አይቶ ያልተናገረ ዳኛ ካለ የመለያ ጨዋታው ራሱ ሌላ ክርክር ይወልዳል። ለሁለት ተጫዋች ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ሰሌዳ፣ ሁለት የቼስ ሰዓት (አንዱ መለዋወጫ)፣ ሁለት ዳኛና ጥቂት ሜትር ገመድ ነው። የመዝጊያው ቀን ባነር ከዚህ ሁሉ ሳይበልጥ አይቀርም።

ለከርሞው ሻምፒዮና የመነሻ ዝርዝሩም ይስተካከል። ፊዴ አዘጋጁ ቀድሞ ካሳወቀ የፊደሉን ተራ በሌላ መለያ እንዲተካ ይፈቅዳል። ሬቲንግ የሌላቸው ባለፈው ዓመት ባገኙት ደረጃ ወይም በክለባቸው ውጤት ይሰለፉ፣ ያም ከሌለ ዕጣ ይውጣ። ዕጣ ቢያንስ በየዓመቱ ይቀያየራል፤ ዮናስ ግን ስሙን አይቀይርም።

የዘንድሮው ዋንጫ በተነገረ ደንብ ተሰጥቷል፣ ይመለስ አልልም። የኦሊምፒያዱ አንደኛ ሰሌዳ ግን ገና አልተሰጠም። ሁለቱ ተጫዋቾች በ15 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር አራት ጨዋታ ይጫወቱበት፤ አንዱ ጨዋታ 60 ሙቭ ቢሄድ 50 ደቂቃ ነው። አንድ እሑድ ይበቃቸዋል፣ አዳራሹም ሁለቱም በአንድ ታክሲ ሊደርሱበት የሚችሉበት ቦታ ይሁን።